ኦክቶበርን የዘለለ ክለብ

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቁርጭምጭሚት በፕላስተር ስጠቀልል ኖሬያለሁ። ከፖርት ሄሪክ የራግቢ ሊግ ክለብ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው አንገቱ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ማፈር እያቆመ እንደሚሄድ ነው። ስለ ተጫዋቾቹ ብቻ አይደለም የማወራው። አሰልጣኞቹም፣ የቦርድ አባላቱም፣ ቢራቸውን ታቅፈው ዳኛውን ሲሰድቡ የሚውሉት ደጋፊዎችም ያው ናቸው። እኔም ብሆን አንገቴ ቀጭን ሆኖ ነው እንጂ ከእነሱ ተሽዬ አላውቅም፤ ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል።

ቆቡን ላስተዋውቃችሁ። አሮጌ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ የተገዛ ጥቁር የምረቃ ቆብ ነው፤ ከላዩ አራት ማዕዘን፣ ዘርፉ ብል የበላው። ዓመቱን ሙሉ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የክለቡ ሐኪም ዶክተር ፊንድሌይ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ እያስገባ የጭንቅላት ፈተና ይሰጣቸዋል። አሥር ቃላት ያነብና ድገም ይላል። ወራትን ከዲሴምበር ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠር ይላል። ቁጥሮችን ይጠራና ገልብጠህ ንገረኝ ይላል። በመጨረሻ በአንድ እግር ያቆመውና ከሠላሳ ነጥብ ሰጥቶ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ በውድድሩ መሃል አንዱ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲንገዳገድ ወደ ትንሿ ክፍል ይወሰድና ያው ፈተና ይደገምለታል። ነጥቡ ከፌብሩዋሪው ጋር ከተስተካከለ ደህና ነህ ተብሎ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ካነሰ ግን ይቀመጣል፣ ምናልባት የሚቀጥለውንም ሳምንት።

የእኛዎቹ ጀግኖች ከዚህ ምን ብልሃት እንዳወጡ መገመት አይከብድም። ፌብሩዋሪ ላይ ደደብ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ጁላይ ላይ ጭንቅላቱ ቢናጋም ያው ደደብ ነው፤ ምንም አልጎደለበትም። ስለዚህ አርባ ጎልማሳ ተሰልፎ ማን ከማን ይደነቁራል በሚል ይወዳደር ነበር። አርብ ከሰዓት ከተመልካቾች መቀመጫ ጀርባ ቋሊማ እየተጠበሰ፣ አሰልጣኙ ትሬቨር ሆስኪን ውጤቱን ከታች ወደ ላይ ያነባል። የመጨረሻውን ነጥብ ያመጣው ሰው ቆቡን አጥልቆ፣ ቢራ ራሱ ላይ ፈሶበት፣ ንግግር ያደርጋል። ዌድ ፐርቴል ይህን ቆብ ዘጠኝ ጊዜ ወስዷል። ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ ፕሮፌሰር።

እንዴት እንደሚወደቅ የሚያስተምረው ማን ነበር ብትሉ፣ እኔ ነኝ። ሌስ ካድሞር፣ በቅጽል ስሙ ፕላስተር። ዶክተሩ ፈተናውን እንደሚሰጥ እኔ ደግሞ መውደቂያውን እሰጥ ነበር። የመሣሪያ ሣጥኔ ክዳን ውስጥ በገዛ እጄ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል። እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ቃል ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ የመሃሉን እርሳ። ቁጥሩ አራት ሲደርስ ግራ ይግባህ። ኦክቶበርን ዝለል።» ለምን ኦክቶበር እንደሆነ አንዱ ጠይቆኝ ነበር። ኦክቶበር የዋንጫው ጨዋታ የሚደረግበት ወር ነው፤ የእኛ ክለብ ደግሞ ኦገስት ሳያልቅ ጫማውን ሰቅሎ ዓሣ ሊያጠምድ የሚሄድ ክለብ ነው፣ በኦክቶበር ምን ጉዳይ አለን አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ቀልዴ ደስ አለኝና በዚያው ጸና። ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ስህተት ማስተማርም ይቻል ነበር። ግን ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከአንድ በላይ ከነገርካቸው እውነቱንም ውሸቱንም ያደባልቁታል።

ዌድ ሲመጣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። ከመሃል አገር፣ ከሰው በጉ ከሚበዛባት ከተማ፣ አንድ ሻንጣና በብብቱ የያዘውን ጋዜጣ ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ እግሩን ዘርግቶ እኔ ስጠቀልልለት፣ ጋዜጣው ላይ የሚወጣውን የቃላት እንቆቅልሽ አግድሙንም ቁልቁሉንም ይሞላ ነበር፤ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ። ቀኝ እግሩ እስኪያልቅ አግድሙን፣ ግራው እስኪያልቅ ቁልቁሉን። መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ የሚጭር መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አጎንብሼ ሳየው አንድም የተሰረዘ የለም።

ለፈተናው ላዘጋጀው አሥር ቃላት አነበብኩለት። አሥሩንም በተራቸው መለሰልኝ። ቀጠለና ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ደገማቸው።

«ሁሉንም አውቃቸዋለሁ እኮ» አለኝ።

«ችግሩ እሱ አይደል» አልኩት። «ጥሩ ተጫዋች ከሆንክ ይመቱሃል። ከተመታህ ትፈተናለህ። ያኔ ይሄ ሁሉ እውቀትህ ከወንበር ጋር አጣብቆህ ይቀራል። በል እርሳ።»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖም ተማረው። መደንቆርንም እንደ ሌላው ነገር በደንብ ነበር የሚሠራው። በዚያው ዓመት አሥራ አራት አምጥቶ ቆቡን ወሰደ። ትክክለኛ ጭንቅላቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር አንዲት ወረቀት እንኳ ፋይሉ ውስጥ የለችም ማለት ነው። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የተጫዋችነት ዘመኑ ጋዜጣ ላይ አለ፣ የፈለገ ያንብበው። አሥራ ሦስት ቁጥር ለብሶ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጨዋታ። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው እየተንደረደረ ሲመጣበት ዌድ ዓይኑን ሳይጨፍን ጎንበስ ብሎ ይቀበለዋል። በአንድ ከሰዓት አርባ ጊዜ። ጋዜጠኞቹ «የፖርት ሄሪክ ግንብ» አሉት። ወገባቸው ሳይታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ጀግንነት የሚጽፉ ሰዎች ናቸው፤ ከግንብ ሌላ ቃል አላገኙም። አሥራ አራት ጊዜ ወደ ትንሿ ክፍል ተወስዶ አሥራ አራት ጊዜ ተመልሷል። ሲመለስ ሕዝቡ ተነስቶ ያጨበጭባል። ሆስኪን ደረቱን እየመታ ይህ ልጅ ልብ አለው፣ ልብ የሌለው ከዚህ ክለብ ይውጣ እያለ ይፎክራል። ሆስኪን ስለ ልብ ማውራት ይወዳል። ራስ የሚባል ነገር እንዳለ ትዝ የሚለው ቆቡን የሚያጠልቅበት ሲፈልግ ብቻ ነው።

ነገሩ ሲጀምር ያወቅሁት በጋዜጣው ነው። ሠላሳ ዓመት በሞላው ወራት ዌድ እስክሪብቶውን ትቶ እርሳስ ያዘ። ቀጥሎ ላጲስ ይዞ መምጣት ጀመረ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋዜጣውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠውና ግድግዳውን ያያል፤ እኔም ምንም እንዳላየ ሰው ፕላስተሬን እቀድዳለሁ። አንድ ቅዳሜ ቀኑን ሳየው ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ ነው። ደግሞ አንድ ቀን ሁለቱንም እግሩን ጠቅልዬለት ወጣ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ወጣና እግሩን ዘረጋልኝ፣ ያውም ግራውን ቀድሞ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ ካልቀደመ የማይጫወት ሰው ነው። የተጠቀለለውን እግሩን አየሁ። እሱም አየው። «ልፈትንህ ብዬ ነው» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አፌ ውስጥ መረረኝ።

ሚስቱ ካርሊን የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት። የእኛ ክለብ ሚስቶች ቪአይፒ መቀመጫ ላይ ጥፍራቸውን ሲያዩ፣ እሷ ደንብ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ ከተራው ደጋፊ መሃል ትቀመጣለች። ኖቬምበር ላይ፣ እረፍት በሆነበት፣ ፕላስተር ስቆጥር መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከዌድ ጋር እንደተነጋገሩ ነገረችኝ። ጫማህን ስቀል ብላ ለምናው ነበር፤ እሱም ዶክተሩ ይብቃህ ካለኝ በዚያው ቀን አቆማለሁ፣ ካላለኝ ግን እጫወታለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም። ስለዚህ ይዛው ዶክተር ፊንድሌይ ዘንድ ሄደች። ዶክተሩ ፈትኖ ፋይሉን ገለጠና ፈገግ አለላት። ባልሽ ዱሮም እንዲህ ነው አላት፤ እንዲያውም ከሦስት ዓመት በፊት ካመጣው በአንድ ነጥብ ይበልጣል።

«ባሌ ደደብ አይደለም ሌስ» አለችኝ። «ስንጋባ የአውቶቡስ መስመሮቹን በሙሉ ከነሰዓታቸው ለፈተና ያስጠናኝ እሱ ነው። አሁን ወተት ሊገዛ ወጥቶ ከፈረሰ ስድስት ዓመት ከሞላው ከድሮው ሜዳ በር ላይ አገኘሁት። ዶክተሩ ግን ወረቀት ያሳየኛል። አንተ ከልጅነቱ ታውቀዋለህ። እንዲህ አልነበረም ብለህ ንገረው።»

አስብበታለሁ አልኳት። አስብበታለሁ! ሠላሳ ዓመት ያላሰብኩትን። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ያሰብኩት ስለ ዌድ ጭንቅላት ሳይሆን ስለ ሣጥኔ ክዳን ነው። አፌን ከከፈትኩ የአርባው ሰው ወረቀት ሐሰት ነው ማለት ነው፣ እኔም ከሣጥኔ ጋር ውጭ ነኝ። ካርሊን የአውቶቡሷ ተራ እንደደረሰ ነግራኝ ሄደች።

ጃንዋሪ ላይ ልምምድ ሲጀመር ዌድ ጠረጴዛዬ ላይ ወጣ። በሩን ዝጋው አለኝ።

«ከካርሊን ጋር ስሄድም በልማዴ ወደቅሁ። ዘንድሮ ግን ፈተናውን የምሬን ነው የምሠራው» አለ። «ደህና ከሆንኩ አንድ ዓመት እጨምራለሁ። ካልሆንኩ ዶክተሩ ራሱ አይቶ ይበለኝ።»

«ለምን ዝም ብለህ አትነግረውም?»

«ምን ብዬ? እስከ ዛሬ አጭበርብሬሃለሁ ልበለው? ነገ ልጆቹን በሙሉ ጠርቶ ይፈትናቸዋል። ልጆቹን አልሸጥም ሽማግሌው።»

ልጆቹን አልሸጥም! የእኛ ክለብ ሃይማኖት ይህ ነው። ሚስትህን ብትዋሽ፣ ሐኪምህን ብትዋሽ፣ ራስህን ብታጣ ማንም ምንም አይልህም፤ ልጆቹን ግን አትሸጥም። ልጆቹ ደግሞ እሱን በሁለት ጣሳ ቢራ ይለውጡታል። ይህንን ልነግረው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጎበዝ፣ ጥሩ አስበሃል አልኩት። ሸክሙን ከእኔ ትከሻ ላይ ስላነሳልኝ ደስ አለኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

የፈተናው ቀን ከዶክተሩ ክፍል ውጭ ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጆቹ አምስት አምስት ደቂቃ እየቆዩ፣ እየተገፋፉ፣ እየተሳሳቁ ይወጣሉ። ዌድ ገብቶ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየ። በሩ ስስ ነው። ወራቱን ሲቆጥር ሰማሁት። «ዲሴምበር... ኖቬምበር...» ብሎ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ «ኦክቶበር» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ አንድ በአንድ እየረገጠ። ዝምታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም፤ ድምፁ ወረደ። ሲወጣ ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ የተጫወተ ይመስል ማልያው ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ኦክቶበርን ብያለሁ» አለኝ። ሌላ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ጠፋበትና ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ።

አርብ ደረሰ። ቋሊማው ተጠበሰ፣ ሽንኩርቱ ተቁላላ፣ ዳቦው ተቆረጠ። ሆስኪን የምሥራች የያዘ ሰው መስሎ ወንበር ላይ ወጣ። «ክቡራንና ደደቦች» ብሎ ጀመረ፤ በየዓመቱ ይህንኑ ይላል፣ በየዓመቱም ይሳቃል። የዘንድሮው አሸናፊ በአሥራ ሦስት ነጥብ፣ ለአሥረኛ ጊዜ፣ ክብሩን ለማንም ያላስነካው ፕሮፌሰር ዌድ ፐርቴል። ልጆቹ ጠረጴዛውን ደበደቡት። አንዱ ቆቡን ከሚስማሩ አውርዶ አመጣው።

ዌድ አልተነሳም። አንገቱን ወደ ሆስኪን አቅንቶ ነጥቡ ስንት ነው ያልከው ብሎ ጠየቀ። አሥራ ሦስት ተባለ። ያኔ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ፈልጎ አየኝ። እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም፣ ወደፊትም አይኑር። ያለውን ሁሉ አውጥቶ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ቃል በቃል ሲቆፍር ውሎ፣ ሆን ብለው ከወደቁት ሰዎች ሁሉ በታች ሆኗል። ይህንንም በዚያ ግቢ ውስጥ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። አንደኛው ተነስቶ ቆቡን በገዛ እጁ አጠለቀ። ሌላኛው ፊቱን አዙሮ ያልበሰለ ቋሊማ ያገላብጣል። ንግግር፣ ንግግር እያሉ ጮሁ። ዌድ አመሰግናለሁ አለ። እሱን ካለ በኋላ ደግሞ አመሰግናለሁ አለ፤ እነሱ እንደ ቀልድ ቆጥረውት በሳቅ ሞቱ።

ሰኞ ዕለት ዶክተሩ ፈርሞ ለቀቀው። ውጤቱ እንደወትሮው ነው፣ ለውጥ የለም አለ። ዌድም ሚስቱን ቃል ቃል ነው፣ ዶክተሩ ደህና ነህ ብሎኛል አላት። እንዳመነ ግን አይመስለኝም። ትእዛዝ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ትእዛዙ ሜዳ ግባ የሚል ሆነ፣ ገባ።

እኔስ? ያን ሁሉ ሳምንት ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሰነበትኩ። ዶክተሩ ሥራ ላይ ነው፣ ዶክተሩ ምሳ ላይ ነው፣ ዶክተሩ ዛሬ ፊቱ ልክ አይደለም። ፈሪ ሰው ሰበብ አያጣም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ማርች ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሜዳችን ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ዌድ ዱሮ እንደሚያደርገው ሰዎቹን እየተቀበለ ሲጥል ዋለ፤ እሱን ጡንቻው ያስታውሰዋል። እረፍት ሆነ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተመለሱ። ከእረፍት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ጎን ይቀያየራሉ። ኳሱ ሊመታ ሲል የእኛ ሰዎች በአንድ ወገን ተሰለፉ፣ ዌድ ቀድሞ በነበረበት ወገን ቀረ። ከተጋጣሚዎቹ መሃል ቆሞ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ኳሱን ይጠብቃል። በቀኝም በግራም ጠላቶቹ ናቸው። እሱ ግን ዝግጁ ነው።

ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው አሥራ ሁለት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀ። «ፕሮፌሰር፣ ካርታ እናምጣልህ?» ብሎ አንዱ ጮኸ። የእኛም ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ያልሳቀው የተጋጣሚው አምበል ብቻ ነው፤ አፍንጫው ሦስት ቦታ የተሰበረ፣ ፊቱ የማያምር ግዙፍ ሰው። ወደ ዌድ ሄዶ ትከሻውን ይዞ ቀስ ብሎ አዞረው፣ ወደ እኛ ወገን ጠቆመው፣ ጥቂት እርምጃም አብሮት ሄደ። ዌድን ሲመታ የኖረ ሰው ያየውን፣ ዌድን ስንጠቀልልና ስናጨበጭብለት የኖርነው አላየንም። ካርሊንን ፈለግኋት። ከሚስቀው ሰው መሃል ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሜዳውን ግን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነበር።

ሣጥኔን አነሳሁና ገለበጥኩት። ፕላስተሩም፣ መቀሱም፣ ቅባቱም ሣሩ ላይ ተበተነ። ክዳኑን ገንጥዬ፣ በመስመሩ ዳር ተቀምጦ የስጋ ፓይ ወደሚበላው ዶክተር ሄድኩና ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አንብበው» አልኩት።

አነበበው። ሁለቴ አነበበው። «ይሄ ምንድነው?»

«የአንተ ፈተና መልስ ነው። ሃያ ዓመት እኔ ነኝ የማስተምራቸው። ዌድ ያን ሁሉ ዓመት እያወቀ ነው የወደቀልህ። ዘንድሮ ግን ከልቡ ሠርቶ ነው ያን ነጥብ ያመጣው።»

ፓዩን ወንበር ሥር ጥሎ ወደ ክፍሉ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት። ፋይሎቹን አወረደና ወረቀቶቹን ምርመራ አልጋው ላይ ደረደራቸው። ሃያ ዓመት፣ በየዓመቱ አርባ ሰው። ዲሴምበር፣ ኖቬምበር፣ ሴፕቴምበር። ዲሴምበር፣ ኖቬምበር፣ ሴፕቴምበር። የእኛ ክለብ ዓመት አሥራ አንድ ወር ነበር። የተማረ ሰው ነው፣ ግድግዳው በምስክር ወረቀት ተሞልቷል፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከታች ያለውን ድምር ብቻ እያየ ፈርሟል። አንድ ቀን እንኳ ወረቀቱን ወደ ላይ አላነበበም። ልስቅበት ፈልጌ ነበር፣ ሳቁ አልመጣልኝም።

የዌድን የዘንድሮ ወረቀት መጨረሻ ላይ አወጣው። ከቃላቱ መሃል ሁለቱን ይዟል፣ ከፊት ያሉትን አጥቷል። ወራቱ ላይ ኦክቶበር አለ። ከኦክቶበር በታች ያሉት ወራት ተደበላልቀዋል፤ ማርች ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ጁንና ጁላይ የሉም።

ዶክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ኦክቶበር ብሎ ቀና አለና አየኝ» አለ። «አንድ ነገር እንድለው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እኔ ቀጥል አልኩት።»

ከዚያ ወርዶ ዌድን አስወጣው። ሆስኪን እየጮኸ መጣ። ማንም አልነካውም፣ ዛሬ አንድም ጊዜ ጭንቅላቱን አልተመታም፣ በምን ሕግ ነው የምታስወጣው አለ። ዶክተሩም «ዛሬ አይደለም የተመታው» ብሎት አለፈ። ዌድ ወደ ውጭ ሲመጣ ካርሊን አጥሩ ጋ ጠበቀችው። ዶክተሩ ሁለቱ ፊት ቆሞ ይብቃህ አለው። ዌድ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ፤ የሚጠብቀው ሰው በመጨረሻ እንደመጣለት። ቀኝ ጫማውን ፈታ፣ ግራውን ፈታ፣ ለሚስቱ ሰጣት። በዚያው ቀን አቆማለሁ ብሏት ነበር፣ አቆመ።

እኔን ሰኞ ዕለት አባረሩኝ። መግለጫ ሰጡ። አንድ ዝቅተኛ ሠራተኛ በራሱ ሐሳብ የፈጸመው አሳፋሪ ድርጊት ነው አሉ፣ የእጅ ጽሑፉም የእሱ ነው። እውነት ነው፣ የእኔ ነው። ሆስኪን ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበና ምንም የማውቀው ነገር የለም፣ ልቤ ተሰብሯል አለ። በየዓመቱ አርብ ወንበር ላይ ወጥቶ ውጤቱን የሚያነበው የጎረቤት ሰው ነበር መሰለኝ። ልጆቹ ከሃዲ ብለው መንገድ ላይ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ለዌድ ደግሞ የስንብት ምሳ አድርገው፣ አጨብጭበው፣ ቆቡን በመስታወት ሣጥን አሽገው ሸለሙት። ካርሊን ሣጥኑን ተቀብላ፣ አመስግና፣ ስትወጣ መኪና ማቆሚያው ጋ ካለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ከተተችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ሌላ ቆብ ገዝተዋል ሲሉ ሰማሁ። አዲስ ሐኪም፣ አዲስ ፈተና፣ አዲስ ቆብ።

ካርሊን ይቅርታ አላደረገችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ ስትሆን ዌድን እኔ ቤት አድርሳው ትሄዳለች፤ ቅዳሜ ሲመጣ ብቻውን ከሆነ እረፍት ያጣል። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ይወጣና እግሩን ይዘረጋልኛል፣ አሁን ሁልጊዜም ግራውን ነው የሚያስቀድመው። ቀኝህን መጀመሪያ እለዋለሁ። ይቀይርልኛል። ፕላስተሩን አወጣና ጨዋታ እንዳለው ሰው አድርጌ ሁለቱንም አጥብቄ እጠቀልልለታለሁ። ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጥለታለሁ። እርሳሱን ይይዘዋል እንጂ አይጽፍበትም።

ባለፈው ፌብሩዋሪ፣ ቀኝ እግሩን ጨርሼ ወደ ግራው ሳልፍ፣ ድንገት ድምፁ እንደ ዱሮው ጠርቶ መጣ።

«ሽማግሌው፣ ዘንድሮ ቆቡን ማን ወሰደው?»

ፕላስተሩ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት ዌድ» አልኩት።

እያስተዋለ አየኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ። ከዚያ ሳቀና ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«ይገባሃል» አለኝ።